በፕላስቲክ ጥይት መሞት

ኤርሶፍት የተባለው የተኩስ ጨዋታ ጠመንጃ እንደልብ በሚሸጥበት አገር የተወለደ ይመስላል አይደል? የለም፤ የጃፓን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሕግ ተራው ሰው ሽጉጥ እንዳይዝ ስለከለከለ፣ መሣሪያ ወዳዶቹ መልኩ ከእውነተኛው የማይለይ፣ የሚተፋው ግን አተር የምታክል የፕላስቲክ ድብልብል የሆነ መጫወቻ አገኙ። በ1991 ቶኪዮ ማሩይ የተባለው ኩባንያ በባትሪ የሚተኩሰውን አወጣ።

ላርፕ ሌላ ቤተሰብ ነው። ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ ልብሱን ለብሶ ሜዳ ላይ መጫወት፤ ተመልካች የሌለው ቴአትር በሉት። በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሰዎችን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ጦረኛና ጠንቋይ አደረጋቸው። መቀመጥ የሰለቻቸው ደግሞ ተነሡ። በ1982 እንግሊዝ፣ ቼሻየር በሚገኘው ፔክፎርተን ግንብ፣ ትሬዠር ትራፕ የተባለው ቡድን ሰዎችን ጭራቅ ፍለጋ ያሰማራ ነበር።

ሁለቱ በደንብ የተጋቡት ምሥራቅ አውሮፓ ነው፤ ሽማግሌዋም ቼርኖቤል ናት። ታሪኩ ግን ከአደጋው ይቀድማል። የስትሩጋትስኪ ወንድማማቾች ሰው ስለማይገባበት ‹‹ዞን›› የጻፉት ልቦለድ በ1972 ታተመ፤ ታርኮቭስኪ በ1979 ‹‹ስታልከር›› ብሎ ፊልም ሠራበት። የኑክሌር ጣቢያው የፈነዳው በ1986 ነው። በ2007 አንድ የኪየቭ ኩባንያ ሁሉንም ቀላቅሎ ‹‹ስታልከር›› የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ አወጣ። ከዚያ በኋላ በዩክሬን፣ በሩሲያና በፖላንድ ወጣቶች የጋዝ ጭንብል አጥልቀው፣ የኤርሶፍት ጠመንጃ ይዘው፣ ሽፍታ፣ ነጋዴና ሐኪም ሆነው ፍርስራሽ ውስጥ ውለው ማደር ጀመሩ።

ጋብቻው ንትርክ አያጣውም። የኤርሶፍቱ ሰው ‹‹የማን ቡድን ነኝ?›› ይላል። የላርፑ ሰው ‹‹እኔ ማን ነኝ? ለምንስ እተኩሳለሁ?›› ይላል። እኛን የሳበን ግን የሚያስማማቸው ነገር ነው። በ1981 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ፔይንትቦል የተመታውን ሰው ቀለም ይቀባል፤ የኤርሶፍት ድብልብል ግን ምልክት አይተውም። ተመቺው ራሱ እጁን አንሥቶ ‹‹ተመትቻለሁ›› ማለት አለበት። ዝም ካለ ማን ይመሰክርበታል? (እዚያም ‹‹አልነካኝም!›› ባይ ሞልቷል።) ላርፕ ሲጨመርበት መሞት ብቻውን አይበቃም፤ ቆስሎ ማቃሰት፣ ጠላት ተሸክሞ እስኪያነሣ መጠበቅ አለ። ተኩሱ ፋታ ያገኘው፣ ሰው ለሰው የሚተያየውም ያኔ ይመስለናል።

በፌብሩዋሪ 2022 የሩሲያ ወታደሮች እውነተኛ መሣሪያ ይዘው ቼርኖቤል ገቡ፤ በማርች መጨረሻ ወጡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ የ2008ቱን የስታልከር ክፍል ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ባክሙት አጠገብ ሲዋጋ ተገደለ።