ዋልያና የመንገድ ቅያስ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ መካነ ብርሃን በነባሩ መንገድ የሚሄድ ሰው ሳንቃ በርንና ጨነቅን አልፎ የቧሂትን መሻገሪያ ሲወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በስተግራው ቁልቁል የሚታየው ገደል ከስሜን በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለው የዋልያ መኖሪያ ነው። የዋልያ ታሪክ የአራዊት ሊቃውንት ብቻ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የእኛም ሙያ እጅ አለበት።

ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፐል ዋልያን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1835 ነበር። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ በአገሩ እየበዛ፣ እርሻና ግጦሽም ወደ ገደሉ አፋፍ እየተጠጋ በመሄዱ የእንስሳው ቁጥር አሽቆለቆለ። ስለሆነም የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተመደበ። ከቀረቡት ምክንያቶች መካከል የዋልያ መመናመንና የእርሻ መስፋፋት ሲገኙ፣ በፓርኩ ውስጥ የተሠራው መንገድም አብሮ ተጠቅሷል። መንገድ ተራራን ሲቆርጥ የሚጎዳው በጎማው ስፋት ልክ ብቻ አይደለም። የተቆፈረው አፈር ቁልቁል ይደፋል፤ ከቦዩ የሚወጣው ጎርፍ ተዳፋቱን ይሸረሽራል፤ ከሁሉም በላይ ሰውና ከብት ቀድሞ ወዳልደረሱበት ይገባሉ።

በአንጻሩ የጃናሞራ ሕዝብ መንገድ መፈለጉ እንደ በደል ሊቆጠርበት አይገባም። ወላድን ወደ ሐኪም፣ ገብስን ወደ ገበያ የሚያደርስ ሌላ መውጫ አልነበረውም። ጥያቄው መንገድ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል ሳይሆን፣ በየት በኩል ይለፍ የሚል ነው። መልሱም ከጊዜ በኋላ መጣ፤ ከፓርኩ ክልል ውጭ የሚያልፍ አማራጭ መንገድ ተቀይሶ ሥራው ተጀመረ። በ2008 ዓ.ም. የጊጭ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ዋልያም ከ800 በላይ ደርሶ ስለነበር በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ።

ደስታው ግን አልዘለቀም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ፤ ጥበቃው ላላ፤ አደኑም ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. የተነገረው ቁጥር ወደ 300 ገደማ የወረደ ነበር። የሃምሳ ዓመት ልፋት በጥቂት ዓመታት ተሸረሸረ።

እንግዲህ መሐንዲስ ጥይትን ማስቆም ባይችልም፣ በእጁ ያለው ነገር ቀላል አይደለም። ቅያስ ከመጽደቁ በፊት በካርታ ላይ የሚሳብ መስመር ተነሥቶ እንደገና ቢሳብ የሚያስወጣው ወረቀትና ጥቂት ድካም ነው፤ መሬት ላይ ከተቆረጠ በኋላ ለማረም ግን ስሜን ከሃያ ዓመት በላይ ጠይቋል። ስለዚህ ቅያስ ስናወጣ የድልድዩንና የቁፋሮውን ዋጋ እንደምንተምን ሁሉ፣ ሌላ አገር የሌለውን እንስሳና በዚያው ተራራ የሚኖረውን ገበሬም በሒሳባችን ውስጥ ማስገባት ይገባናል።