ኅዳግ ላይ የተጻፈ ዕዳ

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን ከብራና መጻሕፍት ሁሉ የሚያሰለቻቸው የኅዳጉ ጽሑፍ ነበር። ወንጌሉን ያነቡና ዳር ዳሩን ይዘሉታል። አልፈርድባቸውም። ቅኔ የለበት፣ ወግ የለበት! እገሌ የተባለ ንጉሥ ለእገሌ ገዳም ይህን ያህል ርስት ሰጠ፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ ናቸው፣ ይህን የፋቀና የለወጠ የተረገመ ይሁን ይላል፤ አለቀ። ዛሬ በኤርትራ ክልል ውስጥ ባለው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የሚገኘው የወርቅ ወንጌል የንጉሥ ላሊበላን የርስት ስጦታ ይዞ 800 ዓመት የተሻገረው እንዲህ ባለ ደረቅ ጽሑፍ ነው።

ታዲያ እነዚያ አባቶች ምን እያደረጉ ነበር? መረጃ እየጠበቁ ነበር። ስጦታውን በቁራጭ ብራና ጽፎ ሣጥን ውስጥ መክተት ይቻል ነበር እኮ! ቁራጭ ብራና ግን ይጠፋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ባላጋራ ያቃጥለዋል። ወንጌሉ ግን ቤተ ክርስቲያኑ እሳት ቢነሳበት ሰው ሮጦ ገብቶ የሚያወጣው መጽሐፍ ነው። ማንም ተነስቶ አይገልጠውም፤ የሚጽፍበትም የታወቀ ነው፤ ሲጻፍም ምስክር ይቆጠራል። ፍቆ ለሚያስተካክል ደፋር ደግሞ እርግማኑ ተቀምጦለታል። ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ረጃጅም ስም አውጥተውለት ኮርስ የሚሰጡበትን ነገር እነሱ በመቃ ብዕር ጨርሰውታል።

ያልጨረሱት አንድ ነገር አለ። ቅጂው ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት የሚለውን። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ከየአገሩ ሰበሰቡ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ወደ 350 የሚሆኑት የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ንጉሡ መጽሐፍ መውደዳቸው አይነቀፍም፤ ነገር ግን የሚዘርፍ ሰው የሚደሰተው ሁሉም ነገር አንድ ክፍል ተቆልፎበት ሲያገኝ ነው። ይህን የተረዱ ሊቃውንት በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የቤኔዲክት መነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ገባ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ካታሎጉን ሲያዘጋጁ ኖሩ። ከዚያ በኋላ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በምሥራቃዊ ትግራይ አብያተ ክርስቲያናት እየዞሩ መጻሕፍቱን በዲጂታል ካሜራ አነሱ። ያኔ «ፈረንጅ መጽሐፋችንን ሊወስድ ነው» ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም። ያለፈውን ታሪካችንን ላየ ሰው ማጉረምረሙ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጦርነቱ ሲመጣ ግን የብዙዎቹ መጻሕፍት ምስል ከአገር ውጭ መቀመጡን ሳስብ ትንሽ ተንፈስ አልኩ።

የመጽሐፍ ሰው ስለሆንኩ በመጽሐፍ ጀመርኩ እንጂ ልናገር የተነሳሁት ስለ ሚስማርና ቆርቆሮ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መቀሌ ሄጄ ቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥ ሰው ጋር ረጅም ጨዋታ ገጠምን። አርባዎቹን የጨረሰ፣ ረጋ ያለ ነጋዴ ነው። ከጦርነቱ በፊት ሱቁ ሦስት ኮምፒውተር ነበረው። አንዱ ከገንዘብ ተቀባይዋ ፊት፣ አንዱ መጋዘን፣ አንዱ ሒሳብ ሠራተኛው ዘንድ። በኔትወርክ ተያይዘዋል፤ ሒሳቡ በፒችትሪ ይሠራል፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም እንደ ደንቡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ያን ጊዜ የሚፈራው የፍላሽ ቫይረስ ነበር። ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለውጠውን ጉድ የማያስታውስ አለ? «ለሱ ፀረ ቫይረስ ገዝቼ ነበር» አለኝ። ቅጂም ነበረው፤ በየሳምንቱ በውጭ ሐርድ ዲስክ ይገለብጣል።

«ሐርድ ዲስኩን የት ታስቀምጠው ነበር?» አልኩት።

«መሳቢያ ውስጥ።»

«የየትኛው ጠረጴዛ?»

ፈገግ አለ። «የኮምፒውተሩ ነዋ፣ መምህር። መሳቢያውም አብሮ ሄደ።»

ጦርነቱ የጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ተቋረጠ። ኅዳር 19 ቀን የፌዴራሉ ጦር መቀሌ ገባ። በእነዚያ ወራት በትግራይ ከተሞች ሱቅ፣ ፋብሪካ፣ ጤና ጣቢያ መዘረፉ በብዙ ሪፖርት የተመዘገበ ነው። ጥቂት ወራት አገልግሎቱ በከፊል ተመልሶ ሰኔ 21 ቀን ጦሩ ሲወጣ እንደገና ተቋረጠ። እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት፣ ከዚያም ጥቂት ሳምንታት አልፎ፣ ከተማዪቱ ከዓለም ተቆርጣ ኖረች።

የሒሳብ ሠራተኛው ትጉ ሰው ስለነበር በየወሩ የዕዳና የክምችት ዝርዝሩን በኢሜል ለራሱ ይልክ ነበር። ያ ፋይል አልተዘረፈም። ሊዘረፍም አይችልም፤ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ይክፈተው! ኢንተርኔቱ ሲመለስም ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው በተዘረፈው ስልክ ቁጥር ሆነ። ቁጥሩን መልሶ እስኪያወጣ ሌላ ደጅ ጥናት። (ጉግል ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንት እንደሚሰርዝ ያስታወቀው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ሰውየው የደረሰው ወራት ሲቀሩት ነው ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ሆኖ ደንብ የሚያወጣ ሰው፣ ሁለት ዓመት ኢሜሉን ያልከፈተ ሁሉ ረስቶት ነው ብሎ ቢያስብ አይደንቅም።)

በዚህ መካከል ያዳነው የእናቱ የዱቤ ደብተር ነው። እናቱ ኮምፒውተር አያምኑም፤ ለቅርብ ደንበኛ በዱቤ የሚሰጠውን በእጃቸው ይጽፋሉ፤ ደብተሩንም ማታ ማታ በነጠላቸው ጠቅልለው ቤት ይወስዱታል። ትልልቆቹ የሥራ ተቋራጮች ግን ደብተሩ ላይ የሉም፤ ያሉት ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ከነሱ ውስጥ መጥቶ «ይህን ያህል አለብኝ» ያለም አለ፣ «ማስረጃህን አምጣ» ያለም አለ። ማን ምን እንዳለ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከሁሉ የቆጨው ሌላ ነው። ከአንድ ባንክ ብድር ነበረው። ባንኮች ሲከፈቱ የመቀሌ ነጋዴ ሁሉ የተጨቃጨቀበት ጉዳይ የብድር ወለድ ነበር። የባንክ ማዕከላዊ ሰርቨር ያለው አዲስ አበባ ነው፤ በጨለማው ወራት ሁሉ መብራት ነበረው፤ ቅጂም አለው። «መምህር» አለኝ፣ «እኔ ለሰው ያለብኝን ዕዳ የሚያውቀው ኮምፒውተር አንድ ቀን ሳይስት ቆጥሯል። ሰው ለእኔ ያለበትን የሚያውቀው ግን ተሰረቀ።»

ይህን ሰምቼ ዝም አልኩ። እውነት ለመናገር በቴክኖሎጂ ገጾቻችን ስለ መረጃ ደህንነት ስናወራ የምናስበው ጥቁር ኮፍያ የደፋ ጠላፊን ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ እንኳ መጀመሪያ የተጠረጠረው ጠላፊ ነበር፤ ባንኩ ግን ጥቃት ሳይሆን የራሱ የሲስተም ማሻሻያ ያመጣው ችግር ነው አለ። ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር የወጣው። አብዛኛውን መልሶ አገኘው። እንዴት? ማን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት እንደወሰደ መዝገቡ አንድ በአንድ ስለያዘ፣ የአልመለሱትን ስም አውጥቶ ለጠፈ። ትልቅ ሆኖ መዝገብ ያለው እንዲህ ያደርጋል። ትንሹ ነጋዴ ስም ልለጥፍ ቢል በምን አፉ? የንግድ ሕጋችን ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን 10 ዓመት እንዲያቆይ ያዝዛል። ሐርድ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጥ የሚል አንቀጽ ግን የለውም።

አሁን ሱቁ ሁለት ኮምፒውተር አለው። ገንዘብ ተቀባይዋና ሒሳብ ሠራተኛው የየራሳቸው የይለፍ ቃል አላቸው፤ እሷ መሸጥ እንጂ የተመዘገበ ሽያጭ መሰረዝ አትችልም። ትልልቅ ባለዕዳዎች በወሩ መጨረሻ የታተመ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፤ የፈረሙትም ለሁለት ይከፈላል። ዋይፋዩን በተመለከተ ግን አልተስማማንም። ራውተሩ ሲገዛ የመጣበትን ቁልፍ አልቀየረም፤ ጭራሽ ደንበኛ እንዳይቸገር ብሎ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ የሒሳቡም ኮምፒውተር በዚያው ነው። የእንግዳውን መስመር ለብቻ አድርግ፣ ራውተሩ ውስጥ ማስተካከያው አለ፣ ገንዘብም አያስወጣም ብዬ ለመንኩት። «አደርጋለሁ» አለኝ፣ ጥርስ ለማከም ቀጠሮ እንደሚይዝ ሰው።

ሐርድ ዲስክ ሁለት ገዝቷል፤ ሁለቱም ያለ ቁልፍ አይከፈቱም። አንዱ ሱቅ ይውላል። ሌላውን ውቅሮ የምታስተምር እህቱ ቅዳሜ መጥታ ትወስደዋለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመልስና ያኛውን ትወስዳለች። የእናቱ ደብተርም አልቀረም፤ አሁንም ማታ ማታ በነጠላ ተጠቅልሎ ቤት ይገባል።