ቆሎ ሸጠው ልጆች ያሳደጉት እዳዬ አበበች ጎበና



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ከመካከላችን የተለዩንን ማሰብ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ግን የእኛ ዕድር አባል ያልነበሩትን፣ አገር ሁሉ «እዳዬ» እያለ የሚጠራቸውን የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ ልናነሣ ወደድን። ምክንያታችንን መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ።

ወይዘሮ አበበች በ1928 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸውን የጣልያን ጦርነት ስለወሰደባቸው ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። እንደዘመኑ ልማድ ገና በልጅነታቸው ቢዳሩም፣ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። ተምረውም ቡናና እህል በሚነግድ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። ትዳር ይዘው ኑሯቸውም ተደላድሎ ነበር።

የእኛ አገር ሰው ለጠበል ወደ ግሽ ዓባይ እንደሚሄድ ሁሉ፣ እርሳቸውም በ1973 ዓ.ም. ገደማ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። ጊዜው የድርቅ ጊዜ ነበር። በረሀብ የወደቀው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ነው። ዳቦውን ለአንዲት ሴት ሊሰጡ ቀረብ ቢሉ ሴትዮዋ ሞታለች። ሕፃኗ ግን የሞተችውን እናቷን ጡት ትጠባ ነበር።

ወይዘሮ አበበች ሕፃኗን አንሥተው ታቀፏት። አንድ በሞት አፋፍ ላይ የነበረ አባትም ልጁን አደራ አላቸው። ሁለቱን ይዘው ቤታቸው ገቡ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ታዲያ ባልና ዘመድ «አብደሻል እንዴ?» ማለታቸው አልቀረም። ከልጆቹና ከትዳሩ ምረጪ ቢባሉ ልጆቹን መረጡ፤ ከቤታቸውም ወጡ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ትልቁ ሥራ የመጣው። እርዳታ የሚሰጥ አልነበረም። ያላቸውን ሸጡ። ቆሎ ቆልተው፣ እንጀራ ጋግረው፣ ጠጅ ጥለው ገበያ አወጡ። ሌላው ነጋዴ ትርፉን ለራሱ ሲያስብ፣ የእርሳቸው ትርፍ የልጆች ራት ነበር። ያቺ ትንሽ ንግድ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሕጋዊ ዕውቅና ላገኘው፣ በስማቸው ለሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር መሠረት ሆነች። በዚያ ቤት ያደጉትና የተረዱት ልጆች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ።

ይህን ለምን አነሣን? የወሎ ረሀብ ለእኛም ሩቅ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ከቀያቸው የተነሡ ብዙ ሰፋሪዎች፣ ያን ጊዜ የጎጃም ክፍለ ሀገር በነበረው በመተከል፣ ፓዌ ላይ ሰፍረዋል። ያቺ መንገድ ላይ የሞተችው እናት ደግሞ ዕድር አልነበራትም። ድንኳን አልተተከለላትም፤ ለቀስተኛም አልተቀመጠላትም። የደረሱላትም በመርዶ ጥሪ የመጡ ጎረቤቶች አልነበሩም፤ መንገደኛዋ ወይዘሮ አበበች ናቸው። ያነሡትም ሬሳዋን ሳይሆን ልጇን ነው።

እኛ ለቀብር አንታማም። ጥሩምባ ሲነፋ እንወጣለን፤ ድንኳን እንተክላለን፤ ገንዘቡንም ለሐዘንተኛው እናደርሳለን። ሠልስቱ ሲወጣ ግን ድንኳናችንን ነቅለን፣ ወንበራችንን ቆጥረን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ከኋላ የቀረው ልጅ ደብተር ይኑረው አይኑረው፣ ማታ ምን ይብላ ማን ይጠይቃል? መዝገባችን የሟቹን ስም ይይዛል፤ የልጆቹን ስም ግን አይዝም። ይህ እኮ የሁላችንም ጥፋት ነው።

ነገሩ ከዕድር ሥራ ውጭ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። በኤድስ ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። እኛም ከትልቅ ነገር እንነሣ አንልም። የሟች አባሎቻችን ልጆች ስም በመዝገብ ይያዝ፤ ከአርባው በኋላ ሁለት ሰው ቤታቸው ሄዶ ይይ፤ ያየውንም ለጉባኤው ይንገር። ወይዘሮ አበበች የጀመሩት በሁለት ልጅና በቆሎ ነው።

የእዳዬን ነፍስ ይማር። ለእኛም ልቡን ይስጠን።