አማዞን በቦሌ ሳሎን

ገርጂ የሚኖር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን አንድ ወረቀት ዘርግቶ አሳየኝ። በእርሳስ የተነደፈ ሣጥን ነው፤ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ተብሎ በጎኑ ተጽፏል። ከሥር አሸዋ፣ በስተ ግራ የደረቀ የዛፍ ሥር፣ ከኋላ ረጃጅም ቅጠሎች፣ ከመሐል በነጠብጣብ የተመለከቱ ዓሦች። «አማዞን ነው» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

«ወንዝ በሣጥን ይገባል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን የምሩን ነበር። ቤቴ ስገባ ሳቄ በጥያቄ ተተካ። ለመሆኑ የሰው ልጅ የሩቅ አገር ወንዝን በ240 ሊትር ውኃ ሳሎኑ ጥግ ላኑር ብሎ ማሰብ የጀመረው መቼ ነው? ይህች ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ልጅ ናት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

የመስታወቱ ሣጥን ታሪክ የሚጀምረው ከዓሣ ሳይሆን ከቅጠል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን በከሰል ጢስ ታፍና ነበር። ናትናኤል ዋርድ የተባለ ሐኪም በግቢው የተከላቸው ፈርኖች በጢሱ ይጠወልጉበታል። ለሌላ ጉዳይ በጠርሙስ ባሸገው እርጥብ አፈር ውስጥ ግን ፈርን ሳይተከል በቅሎ አገኘ። እርጥበቱ ይተንና መስታወቱን ነክቶ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛውም ወደ አፈሩ ይመለሳል፤ ተክሉ ማንም ሳያጠጣው ይኖራል። ዋርድ ከዚህ ተምሮ ያሠራው የመስታወት ሣጥን ችግኞችን ከባሕር ጨውና ነፋስ ጠብቆ ከአህጉር ወደ አህጉር ያሻግር ጀመር። ሮበርት ፎርቹን የሻይ ችግኞችን ከቻይና ወደ ሕንድ የወሰደው በዚሁ ሣጥን ነው። አንባቢዬ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ መስታወቱ ገና ከመነሻው ማሳያ ብቻ አልነበረም፤ ማጓጓዣም ነበር።

ውኃውም ለብቻው መንገዱን ይዞ ነበር። በ1832 ዣን ቪልፕሮ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲሊ ደሴት የባሕር እንስሳትን በሕይወት ሳሉ ለማጥናት የመስታወት ገንዳ አሠራች። በ1850 ደግሞ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ወርቃማ ዓሣን፣ የውኃ ተክልንና ቀንድ አውጣን በአንድ ገንዳ አኑሮ ሚዛናቸውን ገለጠ። ዓሣው ያስወጣውን አየር ተክሉ ይመገባል፤ ተክሉ የሚሰጠውን ዓሣው ይተነፍሳል፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ቅጠል ያጸዳል። ዛሬ ተክል ያለበት አኳሪየም የሚያቅድ ሁሉ፣ ስሙን ይወቀውም አይወቀው፣ የዋሪንግተን ደቀ መዝሙር ነው።

ጊዜውም ተመቻቸ። በእንግሊዝ አገር የመስታወት ቀረጥ በ1845 ተነሥቶ መስታወት ረከሰ። በ1849 ግዙፉ የአማዞን የውኃ አበባ ቻትስዎርዝ በተባለው የመኳንንት ግቢ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ፣ አበበ። ያበቀለው አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ከሁለት ዓመት በኋላ ክሪስታል ፓላስ የተባለውን ዝነኛ የመስታወት አዳራሽ አቆመ። በ1853 የለንደን መካነ እንስሳት የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ በዓመቱ ፊሊፕ ጎስ «አኳሪየም» ብሎ የሰየመውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

* * *

በዚያው በ1853 አልፍሬድ ራስል ዋላስ የአማዞንና የሪዮ ኔግሮ ጉዞውን መጽሐፍ አወጣ። ዋላስ በዚያ አገር አራት ዓመት ደክሟል። በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ ግን መርከቡ በውቅያኖስ መሐል ተቃጥሎ አብሮት የነበረውን ስብስብ ይዞ ሰመጠ። ከእሳቱ ካዳናቸው ጥቂት ነገሮች መካከል በእርሳስ የሣላቸው የዓሣ ሥዕሎች ነበሩ፤ እነሱም በመጽሐፍ ታትመው የወጡት በ2002፣ ከ150 ዓመት በኋላ ነው። የአማዞን ዓሣ ለንደን ሲደርስ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የነበረ መሆኑ የወዳጄን የእርሳስ ንድፍ አክብሬ እንዳይ አደረገኝ።

ዋላስ የዚያን አገር ወንዞች በቀለም ለይቷቸዋል፤ ነጭ፣ ሰማያዊና ጥቁር ብሎ። ጥቁሩ ሪዮ ኔግሮ የደን ቅጠል የተዘፈዘፈበት፣ እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ማዕድን የሌለው፣ ኮምጣጣ ውኃ ነው። በ1936 ስም የወጣላት ኒዮን ቴትራ እና በ1956 የተከተለቻት ካርዲናል ቴትራ፣ እነዚያ ሰማያዊና ቀይ ፍም የመሳሰሉ ኢምንት ዓሦች፣ የእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ልጆች ናቸው። ግን አንድ እውነት አለ። በጥቁሩ ውኃ ውስጥ ተክል እምብዛም አይበቅልም። «የአማዞን ጎራዴ» የሚባለው ቅጠለ ረጅም ተክልም ውኃው በሸሸ ጊዜ ቅጠሉን ወደ አየር አውጥቶ የሚኖር የዳርቻ ተክል ነው። በየሳሎኑ የምናየው አረንጓዴ የውኃ ውስጥ አትክልት ስፍራ የሆላንዶችና በኋላም የጃፓናዊው ታካሺ አማኖ (1954–2015) ጥበብ ነው። ስለዚህ ወዳጄ የነደፈው ወንዙን ሳይሆን የወንዙን ምኞት ነው። ምኞትም በወጉ ከተያዘ ነውር የለበትም።

* * *

በወጉ ለመያዝ ግን የሚኖሩበትን አገር ማወቅ ያስፈልጋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ የአማዞን ዓሣ ደግሞ የቆላ ፍጥረት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ አየር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ዓሦቹ ግን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ይሻሉ። ማሞቂያ ግድ ነው፤ መብራት የጠፋ ዕለትም ገንዳውን ብርድ ልብስ ማልበስ ነው። ሁለተኛው ችግር ለዓይን አይታይም። አየራችን ስስ በመሆኑ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ተክሎቹ በቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነሱም ከዓሣው ጋር ይሻሙታል። ስለዚህ በሌላ አገር መጽሐፍ የተጻፈ የዓሣ ቁጥር እዚህ መቀነስ አለበት፤ የውኃው ገጽም ሌሊቱን ሲናወጥ ማደር አለበት። ወዳጄ 50 ዓሣ ጽፎ ነበር፤ ሰርዞ 30 አደረገው።

ውኃውም ታሪክ አለው። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ያለው የለገዳዲ ግድብ ከ1970 ጀምሮ የክረምቱን ዝናብ አጠራቅሞ ይሰጣል፤ ውኃውም ለስላሳ ነው። በስተ ደቡብ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ግን በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ የቆየ ነውና ማዕድን ይበዛበታል። ከቧንቧው የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ሳይለኩ ለቴትራ ቤት መሥራት ዕውር ድንብር መሄድ ነው። ክሎሪኑም እስኪወጣ ውኃውን በባልዲ ማሳደር ይገባል።

* * *

ንድፉ ሁሉ ነበረው፤ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። መውጫ። እንዲህ ያለ ገንዳ ውኃው በየጊዜው ይቀየራል፤ ተክሉም ሲበዛ ይከረከማል። ያ ውኃና ያ ቅጠል የት ይሄዳል?

ቦሌን የሚያቋርጠው ቡልቡላ ወደ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ፤ አዋሽ ወደ ቆቃ። በአባ ሳሙኤልም በቆቃም የአማዞን ልጅ ቀድሞ ደርሷል። እምቦጭ ነው። ሐምራዊ አበባው ዓይን የሚስብ በመሆኑ ለኩሬና ለአትክልት ስፍራ ጌጥ ተብሎ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። በአገሩ የሚበሉት ነፍሳት ልክ ያስይዙታል፤ እነሱ በሌሉበት ሙቅና ፍግ የጠገበ ውኃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በአገራችን መኖሩ የተመዘገበው በ1965፣ በቆቃና በአዋሽ ነው። በ2011 ጣና ላይ ታየ። ከአዋሽ ወደ ጣና የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ያሻገረው ሌላ ነገር ነው። አባቶች «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ለካ ለአበባም ይሠራል።

በጣና የሚጠፋው ቀላል አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ በለያቸው ውኃ ውስጥ 15 የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን የሚያድን፣ አንዱ ከጭቃ የሚለቅም። ይህን የመሰለ ሌላ የባርበስ ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር፤ ከውጭ የገቡ ዓሦች ከፈጁት ወዲህ አብዛኛው ጠፍቷል። በጣና ዳርቻ ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው እምቦጭን በእጃቸው ሲነቅሉ ያየን ሁሉ፣ የሚነቀለው አረም ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብን፤ የሚድነው ሌላ የትም የሌለ ፍጥረት ነበርና።

እዚህ ላይ ባዕድ ተክል ሁሉ ጠላት ነው ብዬ ብደመድም ግን ውሸታም እሆናለሁ። አዲስ አበባን ከማገዶ ረሃብ ያዳናት በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። የእኛም ቡና በየመን በኩል ወጥቶ፣ በአምስተርዳምና በፓሪስ የአትክልት ቤቶች አልፎ፣ እንደሚነገረው በ1727 ብራዚል የገባው በፓራ፣ በአማዞን አፍ በኩል ነው። እኛ ለአማዞን ቡና ልከናል፤ ከአማዞን እምቦጭ ደረሰን። ሁለቱንም ያጓጓዘው የሰው እጅ ነው፤ ጥፋቱም ልማቱም ያለው በዚያ እጅ ጥንቃቄ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና እርሳሱን አንሥቶ ከንድፉ ግርጌ ጻፈ፦ «የተከረከመ ቅጠል ፀሐይ ላይ ደርቆ ይቃጠላል። ውኃው ለጽጌረዳዎቹ። ዓሣም፣ ቅጠልም፣ ቀንድ አውጣም ወደ ወንዝ አይሄድም።»

ንድፉ አሁን ሙሉ ሆነ። ስለ አበባው ውበት ሲባል መስታወቱ ጥርት ማለት አለበት፤ ስለ ጣና ሲባል ደግሞ መዘጋት አለበት።

ቸር ይግጠመን።