የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የእገዛ ጽሑፍ አመጣጥና እድገት

በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት፣ ተማሪው የዜማውን አካሄድ የሚያስታውሰው ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል በተጻፈው ምልክት ነው። ይህን ሥርዓት በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ይነገራል። ምልክቱ ከንባቡ ባይለይም፣ ያለ መምህር ቃል አይፈታም። እገዛ ለሥራው ምን ያህል ይቅረብ? በማንስ ቋንቋ ይሰጥ? የሚለው ጥያቄ በኮምፒዩተር ዘመንም ተነሥቷል።

በመጀመሪያ እገዛው የታተመ መጽሐፍ ነበር። የዩኒክስ መምሪያ እ.ኤ.አ. በ1971 ተዘጋጀ፤ ጥቂት ቆይቶም በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ተከማችቶ በአንድ ትእዛዝ የሚጠራ ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው ወርድስታር ደግሞ የትእዛዞቹን ዝርዝር በጽሑፉ አናት ላይ ያሳይ ነበር፤ ሠራተኛው ሥራውን ሲለምድ ዝርዝሩን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ይችል ነበር። ይህ አሠራር ለጀማሪና ለነባር ተማሪ ልዩ ልዩ እገዛ ከመስጠት የመምህር ዘዴ ጋር ይመሳሰላል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ዊንዶውስ 3.0 ከአንዱ ርእስ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር የእገዛ ፋይል ይዞ ቀረበ። በ1997 በድረ ገጽ አጻጻፍ የተሠሩ ገጾችን በአንድ ፋይል የሚጠቀልል ሌላ ዓይነት ተተካ። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ የተሠራጨው ቪስታ የቀድሞውን ማንበቢያ ባለመያዙ፣ የቆዩት የእገዛ ፋይሎች ማንበቢያው ለብቻው ካልተጫነ በቀር የማይከፈቱ ሆኑ። ጽሑፉ ሳይጠፋ መክፈቻው ጠፋ ማለት ነው።

የአማርኛው ችግር ከዚህ የባሰ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 እስኪካተት ድረስ፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የሚሰጡት ቁጥር የተለያየ ነበር። በመሆኑም በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ይሆን ነበር፤ የአማርኛ እገዛም ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሊዘዋወር አልቻለም።

ዛሬ ብዙው እገዛ በኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ይህ አሠራር ጽሑፉን በየጊዜው ለማደስ ያመቻል፤ መስመር ሲቋረጥ ግን እገዛውም አብሮ ይቋረጣል። በጥንት ገበያዋ የታወቀችውን ይፋግን በመሰለ ከተማ የሚያስተምር መምህር፣ መብራት እያለ መስመር በሌለበት ሰዓት ተማሪውን የሚያሳየው ገጽ ያጣል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ሲታቀድ፣ ያለ መስመር የሚከፈትና በአማርኛ የተዘጋጀ የእገዛ ጽሑፍ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ያለዚያ መሣሪያው ይደርሳል፤ ምልክቱን የሚፈታው ግን አብሮት አይደርስም።