የሸክላ ድምፅ መጠን፤ ከቪዩ መለኪያ እስከ ኮምፒዩተር

የሸክላ ሙዚቃን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ባለሙያ ሁሉ መርፌውን ከማሳረፉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ድምፁ ምን ያህል ከፍ ብሎ ይቀረጽ የሚለው ነው። ጥያቄው የዛሬ ቢመስልም፣ መልሱ ከቀረጻ ታሪክ ጋር አብሮ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሸክላ ላይ ድምፅ ማለት በገጹ የተቀረጸው ቀጭን ቦይ መወዛወዝ ነው። ድምፁ በበረታ ቁጥር ቦዩ ሰፊ ቦታ ይወስዳል፤ በዚያው መጠን በአንዱ ገጽ የሚያዘው ጊዜ ያጥራል። ድምፁ እጅግ ካነሰ ደግሞ የሸክላው የራሱ ጫጫታ ይውጠዋል። የአሜሪካ የሸክላ አምራቾች ማኅበር በ1954 ያጸደቀው ደንብ፣ ወፍራሙ ድምፅ ሲቀረጽ ዝቅ፣ ቀጭኑ ከፍ እንዲል፣ ሲደመጥም ይኸው እንዲገለበጥ ያደረገው እነዚህን ሁለት ችግሮች ለማስታረቅ ነው።

መጠኑን በዓይን ለመቆጣጠር በ1939 የቤል ላቦራቶሪና ሁለቱ የራዲዮ ድርጅቶች፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ፣ ተባብረው ቪዩ የተባለውን መለኪያ አወጡ። ጠቋሚው ተገቢው ቦታ ለመድረስ የሰከንድ ሦስት አሥረኛ ያህል ስለሚፈጅበት፣ የሚያሳየው አማካዩን ብርታት እንጂ ድንገት ብቅ ብሎ የሚያልፈውን ጫፍ አልነበረም። ይህ ጉድለት በቴፕ ዘመን ብዙ ጉዳት አላመጣም። ቴፕ ድምፅ ሲበዛበት ቀስ በቀስ ይጠግባል እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆርጥም። ዋናው ጠላት ከታች የሚሰማው የቴፑ ሹሽታ ነበር። ስለዚህ ባለሙያው ጠቋሚውን እስከ ዜሮ፣ አንዳንዴም እስከ ቀዩ መስመር መግፋትን ተማረ፤ ትምህርቱም ለዘመኑ ትክክል ነበር።

በ1982 ሲዲ ለገበያ ሲቀርብ የዜሮ ትርጉም ተለወጠ። በዲጂታል መለኪያ ዜሮ የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጻፍ የለም። ያለፈው የድምፅ ጫፍ እንደ ሣር ይታጨዳል፤ የታጨደውም በኋላ ተፈልጎ አይገኝም። የሲዲው 16 ቢት 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ብቻ ስላለው፣ በዚያን ጊዜ ወደ ዜሮ መጠጋት አሁንም ምክንያት ነበረው። በ24 ቢት መቅረጽ ከተለመደ ወዲህ ግን ስፋቱ በስሌት 144 ዴሲቤል ደርሷል። ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ ቢቆም የሚታጣው 2 ቢት ያህል ነው፤ በቀሪው 22 ቢት ውስጥ የጥሩ ሸክላ 70 ዴሲቤል ያህል ስፋት በምቾት ያድራል። የቴፕ ዘመን ልማድ ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም በብዙ እጆች ላይ ቀርቷል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ የቅርብ ጉዳይ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ አሳታሚነቱን ከጀመረ በኋላ፣ እንደ ካይፋ ያሉ አሳታሚዎችም ተከትለው፣ ካሴት ቦታውን እስኪወስድ ድረስ የወጡት ሥራዎች አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። እነዚህ ሸክላዎች እንዲደመጡ ተሠርተው ብዙ ተደመጡ፤ ጭረታቸውም የዚያ ምስክር ነው። በተጫረ ሸክላ ላይ የጭረቱ ቷታ ከዘፈኑ ጫፍ በላይ ሊዘል ይችላል። ከዚህም በላይ መርፌ በዞረበት ቁጥር ቦዩን በጥቂቱ ይፍቀዋል፤ ትክክለኛውን መጠን ፍለጋ ደጋግሞ ማጫወት ራሱ ጉዳት ነው።

ስለሆነም ጠንቃቃ ቀራጭ አስቀድሞ ሸክላውንና መርፌውን ያጸዳል። የበረታውን ክፍል አንድ ጊዜ አድምጦ ጫፉን ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ያቆማል። መጠኑንም እስከ ገጹ ፍጻሜ አይነካም። ማጉላት ቢያስፈልግ ዋናውን ቅጂ ጠብቆ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራል። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ዘፈን ነገም ከፍ ሊል ይችላል፤ አናቱ የተቆረጠ ግን ሸክላው ዳግመኛ ካልተገኘ እንደ ተቆረጠ ይቀራል።