ካንቺ ናፍቆት በስተቀር

የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲም ተማሪዎች ነበርን። አብዛኞቻችን ከእናታችን ጓዳ ርቀን አድረን አናውቅም። ለእኔ አርሲ ደረሰኝ።

ቀን መጸዳጃ ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል እናስቆጥራለን። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ገበሬውን በማኅበር ማደራጀት ተጨመረልን። ከምርቱ እኩሌታውን ለባለመሬት ሲሰፍር የኖረ ጭሰኛ፣ ያረሰውን ሁሉ ወደ ጎተራው ሲያስገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ከባለመሬቶች ጋር በተነሣው ግጭት ሕይወታቸውን ያጡ ዘማቾችም ነበሩ፤ ሊረሱ አይገባም።

ናፍቆቱ የሚበረታው አመሻሽ ላይ ነበር። የጎረቤታችን እናት ፊቴን አይተው ጭኮ በቅቤ ለውሰው ያጎርሱኝ ነበር፤ ቋንቋቸውን ገና አልለመድኩም፣ እጃቸው ግን ገባኝ። ከቤት የሚመጣው ደብዳቤ «ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይላል፤ ጽሕፈቱ የጎረቤት ልጅ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም።

ስመለስ መጀመሪያ ያስተማርኩት እሷን ነው። ዘመቻው በፖለቲካው ብዙ ቢያከራክርም፣ የሰው እናት ማስተማር የገዛ እናትን ድካም እንደሚያሳይ እኔን አስተምሮኛል። ወጣት ሁሉ ከቤቱ ርቆ አንድ ጊዜ ቢያገለግል የምመኘው ለዚህ ነው።